በበሩ ላይ የተጨባበጡት እጆች

የሰፈሩ ሰው አባ ዝም ይለዋል። ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ከቤቱ ከመዶሻ ድምፅ በቀር ሌላ ድምፅ አይወጣም። ስለ አርማው የጠየቀው ሰው ሲገኝ ግን ያ ዝምተኛ ሰውዬ አፉ ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመው!

አርማው በክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት በር አናት ላይ የተቀመጠ የድንጋይ ጋሻ ነው። ከታች ወንዝ፣ ከወንዙ በላይ ድልድይ፣ ከድልድዩ በላይ ደግሞ የተጨባበጡ ሁለት ቀኝ እጆች ተቀርጸውበታል። የወዲህ ማዶና የወዲያ ማዶ ሰዎች በዚያ ወንዝ ውኃ ሲጋደሉ ኖረው፣ ቀባሪ ሲቸግራቸው ታረቁ። ድልድዩን አብረው ሠሩት፤ ክፍለ ሀገሩም ያኔ ተወለደ። እጆቹ ሲቀረጹ አንዱ ከሌላው ከፍ እንዳይል፣ አንዱም ከሌላው አጥብቆ እንዳይጨብጥ ተብሎ ታዞ ነበር።

ድንጋዩን የጠረቡት አባ ዝምና ታናሽ ወንድሙ ናቸው፤ ያኔ ሁለቱም ጎረምሶች ነበሩ። ጠራቢ በቀኝ እጁ መዶሻ ስለሚይዝ የገዛ ቀኝ እጁን እያየ ሊጠርብ አይችልም። ስለዚህ ተራ ገቡ፤ አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ይጠርባል። የአባ ዝምን እጅ ያወጣው የታናሹ መሮ ነው፤ የታናሹንም ያወጣው የእሱ። «አትነቃነቅ አላልኩህም!» እያለ ታናሹን ሲቆጣው ይውል ነበር።

ኋላ እናታቸው ታመመች። ታናሹ ሩቅ ቦታ ሥራ ላይ ነበርና መርዶው ዘግይቶ ደረሰው፤ ሲገባ ቀብሩ አልፏል። እናቱን ብቻውን ያስታመመው አባ ዝም፣ ለቀስተኛው ጢም ብሎ በተቀመጠበት፣ «አንተ ወንድሜ አይደለህም! ከዚህ ቤት ውጣ!» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ታናሹ ወጣ፤ ወዲያ ማዶ ተሻግሮም ቤት ሠራ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በጽሕፈት ቤቱ በር ሥር ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ በላያቸው የድንጋይ እጆቻቸው እንደተጨባበጡ፣ እነሱ ከታች አንገታቸውን ያዞራሉ። ወይ አበሳ! አገር የታረቀበትን ድንጋይ ጠርበው እነሱ መታረቅ አቃታቸው።

አባ ዝም ተጸጽቷል። ለማንም አልተናገረም እንጂ ጸጸቱ አንጀቱን በልቶታል። ሕመም የወንድሙን ግማሽ ጎን ሽባ እንዳደረገው በሰማ ጊዜ ልጠይቀው ብሎ ስንት ጊዜ ተነሣ መሰላችሁ! ድልድዩ መሐል ሲደርስ እግሩ እምቢ እያለው ይመለስ ነበር። ቢያስወጣኝስ? ቢያስወጣኝ ምን እላለሁ? ሳይታረቁ እንዳይሞትበት ሌሊት ሌሊት ይባንናል።

እንዲህ እያለ ከረመና አንድ ቀን ዝናብ የሰነጠቀው ድንጋይ ተገምሶ እጆቹ ከበሩ አናት ወደቁ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቤቱ ድረስ መጣ።

«አባባ፣ በሲሚንቶ እንለጥፈው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን እርስዎ እያሉ እንዴት ተደርጎ አልኩ።»

«ብቻዬን አልችልም» አለ አባ ዝም። «ወንድሜ ያስፈልገኛል።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ። በማግስቱ ድልድዩን እስከ ጫፉ ተሻገረ። በሩን የከፈተችለት የወንድሙ ልጅ ናት፤ እሷም ጠራቢ ነች፣ ቀሚሷ ላይ የድንጋይ ብናኝ አለ።

«ለሥራ ነው የመጣሁት» አለ ፈጠን ብሎ።

«አባቴ ይህን ያህል ጊዜ ተኝቶ ሳይጠይቁት፣ ዛሬ ለሥራ? ይገርማል!»

ከውስጥ አንድ የተሳሰረ ድምፅ፣ «ጋሼ ነህ?» አለ።

አባ ዝም ጋሼ ከተባለ ዘመን የለውም። ወደ ውስጥ ገባ። የወንድሙ ቀኝ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግታለች፤ ከነደም ሥሯ ያውቃታል።

«እጅህን ፈልጌ መጣሁ» አለው።

«ውሰዳታ» አለ ታናሹ፣ በግማሽ ከንፈሩ እየሣቀ። «አትነቃነቅ እያልክ ትቆጣኝ አልነበር? ይኸው፣ አሁን አትነቃነቅም።»

አባ ዝም እንደ ልጅ አለቀሰ። «ያን ቀን ያልኩህን ...» ሲል ታናሹ «ተወው፣ ጋሼ» አለው።

«አልተወውም! በሰው ፊት ነው የካድኩህ፤ በሰው ፊት እመልሰዋለሁ።»

ሥራው በዚያው ቤት ተጀመረ። ግን አንድ ችግር መጣ፤ አባ ዝም መሮ ለማንሳት የጨበጣትን የታናሹን እጅ ሲለቅ ትወድቃለች። ልጅቷ ይህን አይታ መዶሻውን ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጣሉ፣ እሷ ትጠርባለች። ያየችውን ጠረበች፤ ጨምራም ቀንሳም አታውቅም።

ድንጋዩ በበሩ አናት በተመለሰ ቀን የሁለቱም ማዶ ሰው ተሰበሰበ። ታናሹን በተሽከርካሪ ወንበር አመጡት። ኃላፊው ሽፋኑን ገልጦ ቀና ሲል ፊቱ ተለወጠ። ሁለቱም የሽማግሌ እጆች ናቸው፤ አንዱ አጥብቆ ይዟል፣ ሌላው ዝም ብሎ ተኝቷል።

«አባባ፣ ይሄማ አይሆንም! እኩል ነው መሆን ያለባቸው። የወዲያ ማዶ ሰው እጃችንን አልፈሰፈሳችሁት ቢለንስ?»

አባ ዝም ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ያቺ የወንድሜ እጅ ናት» አለ፣ የተኛችውን እጅ እያመለከተ። «በእናታችን ለቅሶ ወንድሜ አይደለህም ስለው የሰማችሁ እዚህ አላችሁ። ዋሽቻለሁ። ወንድሜ ነው። የሱ እጅ ብትደክም የኔ ለሁለታችን ትይዛለች።»

ከወዲያ ማዶ ሰዎች አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «እንዳለ ይቆይ» አሉ። ኃላፊውም ሽፋኑን አጣጥፎ ያዘ።

ታናሹ በደህናው እጁ የአባ ዝምን ኮት ጎተተው።

«ደከመኝ፣ ጋሼ። ወደ ቤት ውሰደኝ።»

«እሺ፣ በድልድዩ በኩል ቀስ ብለን ...»

«ወደዚያ አይደለም» አለ ታናሹ። «ወዳስወጣኸኝ ቤት።»