የመረሬው አፈር እና የወንድሜ ወታደሮች

ታላቅ ወንድሜ የበደለኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ጎባ ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ፣ ሁለት እንግዶች ፊት ነው። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቀው ያውቀዋል።

ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ውጭ ያለው ልጁ ከትንሿ ጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ወታደሮች ልኮለት ነበር፤ ግማሾቹ የጥንቷ ሮማ፣ ግማሾቹ የባላንጣዋ የካርቴጅ። ቀለም ይቀባሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ፣ ሁለት ሰዎች ዳይስ እየጣሉ በማስመሪያ እየለኩ ያዋጓቸዋል። እያንዳንዱ ወታደር የሳንቲም ያህል ክብ መቆሚያ አለችው። እሷ ባዶ ከሆነች ወታደሩ አሻንጉሊት ነው። አፈር ወይም ጠጠር ከለበሰች ግን የሆነ አገር ላይ የቆመ ሰው ይመስላል።

ሮማውያኑን ለእኔ ሰጠኝ። ክረምቱን ሙሉ ምን ላይ እንደማቆማቸው ሳስብ ከረምኩ። መጀመሪያ ከዲንሾ ደረቅ ሣር አምጥቼ ሞከርኩ፤ ከጉልበታቸው አልፎ ዱር ውስጥ የጠፉ አስመሰላቸው። በኋላ ከሳነቴ ተራራ መንገድ ዳር ግራጫ ጠጠር ለቅሜ፣ ወቅጬ፣ በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። ከድንጋይ ላይ የፋቅሁትን ሽበት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ጣል ጣል አደረግሁበት። ያኔ ቆሙ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ድሮ ግብርና ይሠራ የነበረው፣ አንዱን ወታደር አንስቶ ዓይኑ ሥር አስጠጋው።

‹‹ጋሪዳ! ግሩም ነው! ይሄ የኛው ሳነቴ አይደል እንዴ? ማን መረጠው?››

‹‹እኔ ነኛ!›› አለ ወንድሜ። ‹‹እሷማ ሙጫ ቀባች። እጇ ድሮም ለምርጊት የተፈጠረ ነው።››

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ምርጊት ያለው ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሮቤ ያደግንበትን ቤት ግድግዳ በየዓመቱ የምመርገው እኔ ነበርኩ። እሱ ፈተና አለበት ተብሎ መጽሐፉን ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ እረግጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ‹‹ልርዳሽ›› ብሎኝ አያውቅም። ‹‹ውሃ እንዳትረጪብኝ›› ግን ብሎኛል።

ጥር ላይ ደወለና ጠራኝ። የካርቴጆቹን መቆሚያ ራሱ እየሠራ ነበር። ያስተማረበት ትምህርት ቤት የታሪክ ቀን ሊያከብር ነው፤ ውጊያውን ለተማሪዎቹ እንዲያሳይ ጋብዘውታል። ወታደሩን አፍንጫው ላይ ሊያስነካው ምንም አልቀረውም።

‹‹ሐኪሙ ዓይንህ ብዙ አይቆይም ብሎኛል›› አለ። ‹‹ይቺን ልጨርስና ከዚያ እንደፈለገ ይሁን።››

ሳህኑ ላይ ከሮቤ ማሳ ያስመጣው ጥቁር መረሬ አፈር በውሃና በሙጫ ተለውሷል።

‹‹ያንቺዎቹ ግራጫ ናቸው፣ እነዚህ ጥቁር ይሁኑ። ከሩቅ ይለያሉ። የሚጨመርበት ነገር አለ እንዴ?››

መረሬ ብቻውን አይመረግም። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ የያዘውን ይዞ ይላቀቃል። ጭድ ገብቶበት፣ ተረግጦ፣ ቦክቶ መሰንበት አለበት። ለእነዚያ ትንንሽ መቆሚያዎች በጣት የታሸ አንድ እፍኝ ገለባ ይበቃ ነበር። ይህን ሮቤ ውስጥ ግድግዳ የመረገ ሁሉ ያውቃል። በረንዳ ላይ የተቀመጠ አያውቅም።

‹‹ምንም አይጨመርበትም፣ ጋሼ›› አልኩት። ‹‹ያምራል።››

በአራተኛው ቀን ደወለ። ‹‹ወደቁ›› አለኝ።

ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ተንጋለዋል። መረሬው እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቆ ከመቆሚያው ተነስቷል፤ አንዳንዱ ወታደር ቁራሹ እግሩ ላይ እንደተጣበቀ ወድቋል። ወንድሜ በጣቱ እየዳበሰ ስብርባሪውን ይለቅም ነበር።

‹‹እጄ ነው›› አለ። ‹‹አልታዘዝ ብሎኛል። አበላሸሁት።››

ይህ ሰው በሕይወቱ ጥፋት ወደ ራሱ ወስዶ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስድ የወሰደው የእኔን ነው። መናገር እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለታሪክ ቀኑ የቀሩት ግን ሦስት ቀን ብቻ ናቸው፤ ብናገርም አፈሩ ቦክቶ አይደርስም ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ።

‹‹ዕድሜ ነው፣ ጋሼ›› አልኩት።

አንድ ጦር ብቻውን አይዋጋም። ለትምህርት ቤቱ አሞኛል ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የእሱን በደል ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም። ከበረንዳው እጀምራለሁ፣ እንግዶቹ ጋ እደርሳለሁ፣ ከዚያ ያ የሚዳብሰው ጣቱ ይመጣብኛል።

ካርቴጆቹን በካርቶን ይዤ ወደ ሮቤ ወሰድኳቸው። መረሬውን ከገለባ ጋር አቡክቼ ሦስት ሳምንት አሰነበትኩት። አንድ በአንድ አቆምኳቸው፣ አደረቅኳቸው፣ ፋሲካ ሳይደርስ መለስኩለት። ያኔ ዓይኑ ማየት አቁሞ ነበር። አንዱን ተቀብሎ መቆሚያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

‹‹ያው ጥቁሩ ነው?››

‹‹ያው ነው።››

‹‹ታዲያ ያኔ ለምን እምቢ አለኝ?››

‹‹አላውቅም›› አልኩት። የቀሩትን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬለት ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ተመለስኩ።