በንብ የተጠበቁ ሥዕሎች

በደቡብ ምዕራቡ የጫካ አገር በማሻ የሚኖረው ንብ አርቢ ማቴዎስ ራሱ ሥዕል አይሞክርም፤ ሌላ ሰው የሣለውን መጣል ግን አይሆንለትም። በ1967 ዓ.ም. የመጡት ዘማች ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በወረቀት የሣሏቸው ገበሬዎች ቁርጥ ጎረቤቶቹን ይመስላሉ። በኋላ ደርግ ተማሪዎቹን ሲያድን፣ ለማቴዎስ ትተውለት የሄዱትን ሥዕሎች መያዝም የሚያሳስር ሆነ።

ዘዴውን ልብ በሉልኝ፣ ድንቅ ነው! የጫካ ቀፎ የተቦረቦረ ግንድ ነው፤ ዝናብ እንዳይገባው በዛፍ ቅርፊት ይጠቀለላል። ማቴዎስ ሥዕሎቹን በግንዱና በቅርፊቱ መካከል ጠቅልሎ፣ ቀፎውን ከቤቱ ጀርባ ዋንዛ ላይ ሰቀለው። ብዙም ሳይቆይ ንቦች ገቡበት።

ከዚያ ፈታሾች መጡ። መሪያቸው ሽቅብ አይቶ፣ «ያ ቀፎ ይውረድ!» አለ።

«ይውረድ ጓድ። ነዋሪዎቹ ግን ገና አልተወያዩበትም» አለ ማቴዎስ።

አንዲት ንብ ወርዳ የመሪውን ጆሮ ዞረችው።

«ሌላ ቀን!» ብሎ እየተቻኮለ ሄደ።

ማር ለመቁረጥ ቀፎውን ከጎረቤት ጋር ማውረድ፣ ቅርፊቱንም በሰው ፊት መፍታት የግድ ነው። ስለዚህ ማቴዎስ ያን ዓመት ማሩን ሳይቆርጥ አሳለፈ። ምክንያቱን የምታውቀው ሚስቱ አስካለች ብቻ ናት። ጎረቤቶቹ ግን፣ «ንብ የፈራ ንብ አርቢ!» እያሉ ሲስቁበት ከረሙ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።