አባቴ ቃል ባጣበት ዓመት

አባቴ ጸሎት የሚያደርሰው ቆሞ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከባድ መኪና ሲነዳ ስለኖረ፣ “ተቀምጬ የኖርኩት ይበቃኛል፤ ለእግዚአብሔር እንኳ ልቁም” ይላል። ገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን የገባን ቀን መጀመሪያ የጠየቀው ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ ነው። ምሥራቁ ማቀዝቀዣውን ባቆምንበት ጥግ በኩል ሆነ። እናቴ ሶኬቱ ያለው እዚያ ብቻ ነው ብትለው አልሰማትም። ማቀዝቀዣው ኤክስቴንሽን ተቀጥሎለት ወደ በሩ ተጠጋ፤ በእሱ ቦታ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከፊቱም ትንሽ መጋረጃ ተሰቀለ።

እኔ የምሠራው ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሰርቪሱ በማለዳ ስለሚመጣ፣ ፊቴን ስታጠብና ስለባብስ የአባቴ ውዳሴ ማርያም ከሳሎን ይሰማኛል። ቃሉን ልብ ብዬ አዳምጬው አላውቅም። የቱ ጋ እንደደረሰ ሰምቼ ግን ሰዓቴን አውቅበት ነበር።

ማታ ደግሞ ገበታ ቀርቦ እጃችንን ከታጠብን በኋላ አባታችን ሆይ ይደግማል፤ ከዚያ በራሱ ቃል ይለምናል። የታመመ ጎረቤት ይጠራል። መንገድ ላይ ያሉትን ሾፌሮች ያስባል። እስረኞችንም አይረሳም፤ በሥራ ዘመኑ ከከተማ በወጣና በገባ ቁጥር፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ስንቅ ይዘው የሚሄዱትን እናቶች ያይ ነበር። እናቴና እኔ “አሜን” እንላለን። ልመናው ሲረዝም እኔ አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ እየቀዘቀዘ ያለውን ወጥ አያለሁ።

አንድ ጠዋት ድምፁ መሀል ላይ ተቋረጠ። ስልክ ተደውሎለት መስሎኝ ነበር። ከመኝታ ቤት ስወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ነጠላው ከቀኝ ትከሻው ወርዷል፤ ሊመልሰው ይሞክራል፤ እጁ ግን አልታዘዘውም።

“አባዬ፣ ምን ሆንክ?”

አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም።

እናቴን ጠራኋት። ደግፈን ደረጃ ላይ ልናወርደው ስንታገል ከምድር ቤት ያለው ባለሱቅ አየን። ከስልጤ የመጣ፣ ሰው የሚያከብር ሰው ነው። ሱቁን ክፍቱን ትቶ ወጣና “አባባ፣ አይዞዎት” ብሎ አዝሎ አወረደው። መኪና የፈለገልንም እሱ ነው።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ሕይወቱ ተረፈ። ቤት ከገባ በኋላ እግሩ ቀስ እያለ ተፍታታ፤ በከዘራ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን መሄድ ቻለ። ንግግሩ ግን አልተመለሰም። የሚወጣለት “እሺ” የሚል ቃል ብቻ ነበር። ውሃ ሲጠማው እሺ፤ ሲያመው እሺ፤ እንቢ ሊል ሲፈልግም እሺ። እኛ የምንለውን ሁሉ ይሰማል፤ ይገባዋልም። ከአፉ የወጣው ያሰበው ቃል አለመሆኑን ሲያውቅ በግራ እጁ አፉን ይይዛል።

የንስሐ አባታችን መጥተው ጸበል ረጩት፤ መስቀል አሳለሙት። “እስቲ ካህን ሲመጣ የምትለውን ‘ይፍቱኝ’ በል” ብለው በፍቅር ቢያባብሉት፣ “እሺ” አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። ከሄዱ በኋላ ፊቱን አዙሮ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ምሥራቁ ጥግ ጋ አልቆመም። ጠዋት ቤቱ ጭር አለ። እኔም ሰዓቱን የማውቅበት ነገር ስላልነበረኝ ሰርቪሱ ያመልጠኝ ጀመር።

የሚከብደው ግን ማታው ነበር። ገበታ ይቀርባል፤ እናቴ እንደልማዷ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች፤ አባቴ ወደ መስኮቱ ያያል። ብዙ ከቆየች በኋላ አማትባ ትቆርሳለች፤ ዝም ብለን እንበላለን። አንድ ቀን ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ።

“ለምን አንቺ አትደግሚም?” አልኳት።

“እሱ እያለ?” አለች፤ ሳህኑን ማጠቧን ሳታቆም። “እኔ ከያዝኩት ቦታው የተወሰደበት ይመስለዋል። አንቺ ልጁ ነሽ። ልጅ ለአባቷ ብትደግምለት ነውር የለውም።”

እኔ ደግሞ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ ጸልዬ አላውቅም። የምጸልየው ሰርቪስ ሲያመልጠኝ ታክሲ ተራ ቆሜ፣ አለቃዬ ሲያስጠራኝ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ነው። ቢሆንም በማግስቱ ማታ ስልኬ ላይ ያለውን የጸሎት መጽሐፍ ከፈትኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አባቴ ስልኩን በግራ እጁ ገፋው።

“በቃልሽ በይው” አለች እናቴ።

“አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር” ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት ነው፤ ግን ሁልጊዜ በአባቴ ድምፅ ላይ ደርቤ ነው እንጂ ብቻዬን ብዬው አላውቅም ነበር። “መንግሥትህ ትምጣ” አልኩና፣ “የዕለት እንጀራችንን” ብዬ ቀጠልኩ።

“ፈቃድህ” የሚል ድምፅ አቋረጠኝ።

አባቴ ነበር። “ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች፣ እንዲሁም በምድር ትሁን” አለ፤ እንደ ድሮው ጥርት አድርጎ። እኔ ቆምኩ፤ እሱ ግን ቀጠለ። አሜን እስኪል ድረስ አንድም ቃል አልተደናቀፈበትም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

“አባዬ፣ ተናገርክ እኮ” አልኩት።

ሊመልስልኝ ብዙ ታገለ። “እሺ” አለ።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ ከዚያ እኛም ሳቅን።

ሐኪሙ በቀጠሯችን ስንነግረው አልተገረመም። ዕድሜ ልክ ሲደጋገም የኖረ ነገር አዲስ ቃል ከሚመጣበት በተለየ መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ ንግግራቸው ጠፍቶ የሚዘምሩ ሰዎች አሉ አለን። እናቴ፣ “ያም ቢሆን የእግዚአብሔር ሥራ ነው” አለችው። ሐኪሙም “ልክ ነዎት፣ እናቴ” አላት።

የቀረው በራሱ ቃል የሚለምነው ነበር። ያ ግን ሊመጣለት አልቻለም። አንድ ማታ ከአሜን በኋላ ዝም እንዳለ ግራ እጁን አንስቶ በመስኮቱ ወደ ቃሊቲ በኩል ጠቆመ። እናቴ ቀድማ ገባት።

“እስረኞቹን ነው” አለችኝ።

“ጌታ ሆይ፣ የታሰሩትን አስባቸው፤ የሚጠብቋቸውንም” አልኩ። አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ከባድ መኪኖች ወደሚያጓሩበት መንገድ ጠቆመ፤ ሾፌሮቹን አልኩ። እንዲህ እያልን እሱ እየጠቆመ፣ እኛ ቃል እያዋጣን መጸለይ ጀመርን። ስንስት እጁን ያወዛውዛል፤ እንደገና እንሞክራለን።

አንድ ጊዜ ወደ ወለሉ ጠቆመ። ምግቡን መሰለን፤ አይደለም። እግሩን መሰለን፤ አይደለም። ለካ ከታች ምድር ቤት ያለውን ባለሱቅ ነው። ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ እናቱ አገር ቤት መታመማቸውን ለአባቴ ነግሮታል። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስወርድ፣ “አባባ ማታ እናትህን በጸሎት አሰቧቸው” አልኩት። ዳቦውን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

“እኔም ዱዓ ሳደርግ እሳቸውን ዘልዬ አላውቅም” አለኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እኔ የምሠራበት ክፍል ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ቤት ውስጥ ትንፍሽ አላልኩም። አባቴ ሕመምተኛ ነው፤ እናቴም የራሷ ይበቃታል። በዚያው ሰሞን አንድ ማታ፣ አባቴ እንደ ልማዱ እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ።

“እስረኞቹን?” አልኩት። እጁን አወዛወዘ።

“ሾፌሮቹን?” አይደለም። “ፋብሪካዎቹን?” አይደለም። ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ ጠራሁ። እጁ ከተዘረጋበት አልታጠፈም። እናቴ ወደ እጁ አየች፤ ከዚያ በእሱና በመስኮቱ መካከል ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ አየች።

“አንቺን ነው” አለች።

ለሌላ ሰው መለመን ለምጄ ነበር፤ ለራሴ ግን አፌ ተያዘ። “ምን ልበል?” አልኩ።

“ያስጨነቀሽን በይ” አለች እናቴ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። “ጌታ ሆይ፣ ክፍላችን ሊዘጋ ነው፤ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቻለሁ” አልኩ። እነሱም የሰሙት ያኔ ነው። እናቴ “አሜን” ስትል ድምፅዋ አልደነገጠም። አባቴ የዘረጋውን እጅ ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈው፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ አላነሣውም።

ክፍሉ በእርግጥ ተዘጋ። እኔን ወደ ማሸጊያው ክፍል አዛወሩኝ፤ ሥራው ይከብዳል፤ ሰዎቹ ግን ጥሩ ናቸው። የባለሱቁ እናት ድነው ልጃቸውን ሊያዩ መጡ፤ እኛም ቤት ወጥተው አባቴን ጠየቁት። አባቴ አሁን ውሃ፣ ነይ፣ ልጄ፣ ይበቃል ማለት ይችላል። ጠዋት ጠዋት ወንበር ተደግፎ ውዳሴ ማርያሙን ይደግማል፤ አንዳንዴ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲይዘው እኔ ፀጉሬን እያበጠርኩ ከመኝታ ቤት አስታውሰዋለሁ።