ባሌ በሰው ቤት የበላው

ባሌ ከሞተ በአራተኛው ወር ከአንድ የስፔን ተራራ መንደር ጥቅል መጣልኝ። የሕንጻችን በር ጠባቂ ሴትዮ ደረቷ ላይ አቅፋ እስከ ሦስተኛ ፎቅ አመጣችልኝ።

«ሲኞራ፣ ሽታው ደረጃውን ሁሉ አዳርሶታል። ብቻሽን እንዳትጨርሺው» አለችኝ።

ወረቀቱን ስቀደው ሰባት ጥቋቁር ቋሊማዎች ወጡ። የአሳማ ደም ከሩዝና ከሽንኩርት ጋር አንጀት ውስጥ ተሞልቶ፣ ተቀቅሎ፣ ጭስ ላይ የደረቀ። ቆዳቸው ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ስቡ ወረቀቱን አልፎ ጠረጴዛዬን አወዛው። እዚህ ሮም አሳማ ማየት አዲስ አይደለም፤ ገበያ ውስጥ ከነራሱ ተጠብሶ፣ ተጋድሞ ይሸጣል፤ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። የገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ግን ወዴት ልዙር? መስኮት ከፈትኩ። የትራሙ ጩኸት ገባ፤ ሽታው ግን አልወጣም።

ማን እንደላከው ገብቶኛል። በዚያ መንደር ሦስት ዓመት ኖረናል። ባሌ እዚህ ሥራ ሲያጣ፣ አንድ ወዳጁ በግ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ ብሎ ወሰደን። ሃያ የማይሞሉ የድንጋይ ቤቶች፣ ከኋላቸው ገደል፣ ከሰው በግ የሚበዛበት ቦታ። ሰዎች ስለ ንጹሕ አየሩ ይጠይቁኛል። እኔ የማስታውሰው በበረዶው ላይ ቁልቁል የሚወርደውን ቀይ ውሃ ነው።

በደረስን በመጀመሪያው ታኅሣሥ፣ የገና ጾም ላይ እያለን፣ «እርድ አለ፣ ነይ» ብለው ጠሩኝ። ቋንቋውንም ልማዱንም ገና አላውቅም። ባልበላም ሥራ ላግዝ ብዬ ሄድኩ። አንጀት በባልዲ አቀረቡልኝ። ባሌ የሚጠብቀው በግ ነውና የበግ መሰለኝ። በዓል በመጣ ቁጥር የበግ አንጀትና ጨጓራ እያጠብኩ ነው ያደግሁት፤ ጣቶቼ ሥራውን ያውቁታል። በሎሚና በጨው እያሸሁ ስገለብጠው ሴቶቹ ከበቡኝ።

«እዩዋት፣ እዚሁ የተወለደች ትመስላለች» አሉ ከጎናችን የሚኖሩት አሮጊት፣ እየሳቁ።

ከጀርባቸው የአሳማው ራስ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ሰሃን ላይ ተቀምጧል።

ቤቴ ሮጬ በበረኪና ታጠብኩ። ቀጥሎ በአመድ። ከዚያም እንደገና በበረኪና፣ ጣቶቼ እስኪላጡ። ከዚያ ወዲያ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ባሌ ግን ይሄድ ነበር። አንዱ ቤት ሲያርድ ሁሉም ያግዛል፤ ወንዶቹ የአሳማውን እግር ይይዛሉ፣ ሴቶቹ ደሙን ተቀብለው እንዳይረጋ በእጃቸው ያማስላሉ። የቀረ ሰው እንደ ጎረቤት አይቆጠርም።

«እግሩን ብቻ ነው የምይዘው» ይለኛል።

«ቀምሰሃል?»

«አልቀመስኩም አልኩሽ እኮ። እግዜር ምስክሬ ነው።»

አምነዋለሁ። አምኜውም ልብሱን በረት ውስጥ አስወልቀዋለሁ፣ ሰሃኑንና ብርጭቆውን እለያለሁ፣ ዳቦ እንዳይቆርስ እቀድመዋለሁ። እስከ ጥምቀት አብሬው አልበላም።

«ለምጻም አደረግሽኝ» አለኝ አንድ ቀን፣ እየቀለደ። እኔ አልሳቅሁም።

ከጥቅሉ ጋር አሮጊቷ በትልልቅ ፊደል የጻፉት ወረቀት ነበር። «ስለ እሱ አለቀስኩ። ከሁሉ አብልጦ ይወደው የነበረውን ልኬልሻለሁ።»

ቁጭ ብዬ ያን ጥቁር ነገር አየሁት። ይህ የእሱ አፍ ውስጥ ገብቷል። በዚያው አፍ ስሜን ጠርቷል፤ በዚያው አፍ እግዜርን ምስክር አድርጎ ዋሽቶኛል። ተነሥቼ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ አልኩ። አራት ወር ሙሉ ያለቀስኩለት ሰው ማን እንደነበረ ጠፋኝ። ከአሮጊቷ በቀር የሚነግረኝ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደወልኩላቸው። ጣልያንኛና ስፓኒሽ እየቀላቀልን እንግባባለን።

«ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት። ጥሩ ነው።»

«ውሸታም። ይሄኔ አፍንጫሽን ይዘሽ ነው የምታወሪኝ።»

እጄን ከአፍንጫዬ አወረድኩ። «እርስዎ ቤት ይበላ ነበር?»

«ታዲያሳ። በጎቹን ካስገባ በኋላ ይመጣል።»

«በጾምም?»

«የእናንተን ጾም እኔ በምን አውቄ? ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል፣ ይበላል።»

«ስለ እኔስ ምን ይል ነበር?»

እየፈራ ይበላ እንደነበር፣ እኔን መዋሸቱ ያስጨንቀው እንደነበር እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነበር። ያን ቢሉኝ ይቅር እለው ነበር።

«ስለ አንቺ? ምንም። ስለ በጎቹ ያወራል፤ ጣሪያዬ ሊያፈስ ነው እያለ ያስፈራራኛል። ሰሃኑን ጠርጎ ‹እማማ፣ ይጨመርልኝ› ይላል። ደግሞ ሳቁ። ያ ሰውዬሽ ሲስቅ ከመንገድ ይሰማ ነበር።»

አመስግኜ ዘጋሁ። ቋሊማዎቹን በፌስታል አድርጌ ለበር ጠባቂዋ ሰጠኋት፤ አንዱን እዚያው ከፍታ አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። ፊቴን አዙሬ ደረጃውን ወጣሁ። ጠረጴዛውን በፈላ ውሃ ፈተግሁት። ሽታው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምግብ አቅርቤለታለሁ። አንድም ቀን ጨምሪልኝ ብሎኝ አያውቅም። ጨዋነቱ ይመስለኝ ነበር።