ከማጠቢያው ስር ያለው በር

በፈረንጅ አቆጣጠር 1994 ነበር፤ እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ። የምንኖረው በስደት አገር፣ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሑድ የመጨረሻዋን ልጃችንን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሎች ይመጣሉ። የኪችናችን ቧንቧ ደግሞ ያንጠባጥባል። ጠብ፣ ጠብ ሲል ሳሎን ድረስ ይሰማል።

ባለቤቴ «ለሕንፃው ማናጀር ደውልለት፣ ሰው ይልካል» አለችኝ። እኔ የማላውቀው ወንድ ጓዳዬ ገብቶ እንዲጎረጉር አልፈልግም። «እኔ እያለሁ ለአንድ ቧንቧ ሰው አልለምንም» አልኳት።

እሷ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምራ ለሽማግሎቹ የሚሆን የወጥ ሽንኩርት ታቁላላለች። ሰው ፊት እንዳናፍር ነው ልፋቷ። እኔ ሌክ ስትሪት ድረስ ድራይቭ አድርጌ ሄጄ፣ ለባለሱቁ በምልክት እያሳየሁ ቀለበት የምታክል የቧንቧ ጎማ ገዛሁ። ቧንቧ የሚያንጠባጥበው ያቺ ጎማ ስታልቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃው ቀድሞ መዘጋት እንዳለበትም አውቃለሁ። በአገራችን ውሃ የሚዘጋው ከደጅ፣ ቆጣሪው ዘንድ ነው። ደጁን ዞርኩት፤ ቆጣሪ የለም። ከሕንፃው ስር ያለው ቤዝመንት ወረድኩ። ከልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ኋላ እንደ መኪና መሪ ያለች ቀይ መዝጊያ አገኘሁና እስክትጠብቅ አዞርኳት። ውሃው የሕንፃው ሁሉ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። ቶሎ እጨርሳለሁ ብዬ ነው።

ወደ ቤት ወጥቼ የቧንቧውን እጀታ ፈታሁ፤ ውስጡንም በመፍቻ አወጣሁት።

«አየሽ?» አልኳት።

«ገና ነው» አለች፣ ድስቷን እያማሰለች።

ጎማዋን ስቀይር ቧንቧው አጉረመረመ። ከዚያ ውሃው ጣራ ነካ። በእጄ ባፍነው በጎን ወጣ። ፊቴን፣ ምድጃውን፣ ያን ሁሉ የተቁላላ ሽንኩርት አጠበው። መፍቻውን ጥዬ ወደ ቤዝመንት ልሮጥ ስል ባለቤቴ ተንበረከከች። ከማጠቢያው ስር ያለውን ትንሽ በር ከፍታ እጇን ከበረኪናው ጠርሙስ ኋላ ሰደደች። ውሃው ቆመ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። እታች የሚኖረው የአስመራ ሰው ነው። ለሶላት ሲታጠብ ውሃ ሄዶበት ኖሮ እጅጌው እንደተጠቀለለ ነው።

«የምሥራች ጋሼ» አለኝ። «አንድ አህያ ቤዝመንት ገብቶ ውሃውን ዘግቶት ኖሯል። ከፍቼላችሁ መጣሁ።»

ከጢሜ የሚወርደውን ውሃ አየ። ቀጥሎ ወለሉ ላይ የወደቀውን መፍቻ አየ።

«አገር ቤት ውሃ የሚያጠፋብን መንግሥት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ እርስዎ ተሾሙ?»

ባለቤቴ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ ሳቀች። ድስቱን ስታይ ግን ሳቋ አለቀ።

«እዚህ ስር መዝጊያ እንዳለ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሳሙና የማወጣው ከየት መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? የወረድከው መፍቻ ፍለጋ ነው የመሰለኝ።»

እውነቷን ነው። በዚያ ቤት ያን ሁሉ ዓመት ስኖር ያቺን በር አንድ ቀን ከፍቼ አላውቅም። ወንድ ጓዳ አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ክብርም መስሎኝ ይዤው ኖርኩ። ጎረቤቴ ፊት አንገቴን ያስደፋኝ ውሃው አልነበረም። ባዕድ ወንድ አይግባበት ብዬ በጠበቅሁት ጓዳ ውስጥ ባዕዱ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ጎረቤቴ ባትሪ አብርቶልኝ ጎማዋን ገጠምኩ። ጠብታው ቆመ። ባለቤቴ ጎሽ አላለችኝም፤ ጎንበስ ብላ ሌላ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ወጡን ዳግመኛ ሠርታ ስትጨርስ ደክሟት ዕቃውን ሳታጥብ ተኛች።

በማግሥቱ ጠዋት ቀድሜያት ተነሣሁ። ያቺን ትንሽ በር ከፍቼ ሳሙናውን አወጣሁ። ልጄ ሰምታ እንዳትመጣ ውሃውን ቀጭን አድርጌ ለቀቅሁና ድስቶቹን አጠብኩ። ያኔም እያፈርኩ ነው። ባለቤቴ ገባች። አንዱን ድስት አንሥታ በጣቷ ዳበሰችው፤ መልሳ ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠችልኝ። እንደገና አጠብኩት።