ከሳውዝ ሲ ወደ ስክሪኑ ክሊኒክ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላፕቶፔን በጀርባዬ አዝዬ ሳውዝ ሲ ካለው ቤቴ ወጣሁ። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ነርሲንግ አስተምራለሁ። አራት ሰዓት ላይ ተማሪዎቼን በኢንተርኔት ዓለም ውስጥ በሠራነው ክሊኒክ ላስተምር ተቀጣጥረናል። እነሱ በየቤታቸው ሆነው በስክሪኑ ላይ አምሳያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኔ የታመመ ልጅ እናት እሆናለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ንዱንጉ «ዛሬ ካልሠራ ወደ ጥቁር ሰሌዳው እንመለሳለን» ብለውኛል። ሰፈራችን ግን መብራት፣ እዚህ ስቲማ የሚሉት፣ የለም። ጎረቤቴ «ስቲማ ማታ ነው የሚመጣው አሉ» ሲለኝ መጠበቁን ተውኩት።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መሐል ከተማ

ማታቱ የሚሉት ታክሲ በሠላሳ ሽልንግ አደረሰኝ። የገባሁበት ሳይበር ካፌ መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ የክሊኒኩ ግድግዳ መጣና አልጋውም በሩም ሳይከተል ቀረ።

«ፖሌ፣ ይቅርታ ቲቸር፤ ከኢሜይል በላይ አይችልም» አለኝ ባለቤቱ።

ላቪንግተን ሰፈር ለሚኖሩት ወዳጄ፣ ለጫማ ነጋዴዋ ለእትዬ ሙሉ ደወልኩላቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ና እንጂ፤ የልጆቹ ኢንተርኔት ፈጣን ነው» አሉኝ።

ላቪንግተን

ዝናብ መጣ፤ መኪናው ሁሉ ቆመ። ከማታቱው ወርጄ ላፕቶፑን በጃኬቴ ጠቅልዬ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሮጥኩ። ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው እትዬ ሙሉ ፎጣ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር።

ክሊኒኩ ተከፈተ። የዶክተር ንዱንጉ አምሳያ ጥግ ይዞ ቆሟል። ከአምስቱ ተማሪዎች አራቱ ገና ከመግባታቸው መድኃኒት ማዘዝ ጀመሩ። አምስተኛዋ ዋንጂሩ ናት። ምላሷ ይያዛል፤ ዶክተሩ ራሳቸው በቃል ፈተና ጥለዋታል፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። አሁን ግን ጽሑፏ ወጣ፦

«ማማ፣ ተቅማጡ ከጀመረው ስንት ቀኑ ነው?»

«ሦስት» ብዬ ጻፍኩ።

«ውሃ ከየት ትቀጃለሽ? ታፈይዋለሽ?»

አንድ በአንድ ጠይቃ ልጁን ያመመው ያልፈላ የጉድጓድ ውሃ መሆኑ ላይ አደረሰችን። ሌሎቹ ማዘዙን ትተው ተከተሏት።

ሲያልቅ ዶክተሩ ደወሉ። «ጠያቂዋ ማን ናት?»

«ዋንጂሩ ናት፤ እርስዎ በቃል ፈተና የጣሏት» አልኳቸው።

«ፈተናዋን እደግመዋለሁ። አንተም ኮርስህን ቀጥል» አሉኝ።

ሳውዝ ሲ

ማምሻውን ቤቴ ገባሁ። ለዓመታት ሳስተምር፣ ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ያላጠና ይመስለኝ ነበር። ለካ መናገሪያ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። እርጥብ ጫማዬን ሳወልቅ ከዋንጂሩ መልእክት መጣልኝ፦ «ቲቸር፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ በአፌ ልሞክር?»

«ሞክሪ፤ እስክትጨርሺ እንጠብቅሻለን» ብዬ መለስኩላት።