በናጋ ጋቢ ላይ ሻኛ ያለው በሬ

አገሬን ለቅቄ በወጣሁበት ምሽት አባቴ ከሽመናው ጉድጓድ አልነሳ ብሎ አስቸግሮን ነበር። ሽሮ ሜዳ ያለችው ቤታችን በሸኚ ሞልታለች፣ ታክሲው ውጭ ጥሩምባ ይነፋል፣ እሱ ግን የያዝኩትን ጥለት ሳልጨርስ አልነሳም አለ። ዶርዜ ነው፤ የጀመረውን ጥሎ መነሳት አይሆንለትም። በመጨረሻ ተነስቶ ሲስመኝ መወርወሪያውን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተተልኝ። ማጉን በድሩ መሃል ወዲያና ወዲህ የምታመላልስ፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሰች የእንጨት ዕቃ ናት። "የአባቴን የመጨረሻ ጋቢ የሠራሁባት ናት" አለኝ። በእኛ ቤት ሸማኔ ሲሞት የሚጠቀለልበትን ጋቢ የሚሸምነው ልጁ ነው። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ዲቪ የደረሰው ሰው በዚያ ሰዓት ስለ ጋቢ ማሰብ አይፈልግም፤ እሺ ብዬ ሻንጣዬን ተሸከምኩ።

አሜሪካ የገባሁበት አየር ማረፊያ ላይ አንድ መኮንን መወርወሪያዋን አገላብጦ አገላብጦ፣ "ይህ ምን ያደርጋል?" አለኝ።

"ክር ያመላልሳል።"

"ከየት ወዴት?"

"ከቀኝ ወደ ግራ።"

"ከዚያስ?"

"ከግራ ወደ ቀኝ።"

ፓስፖርቴንና ፊቴን አስተያየና "ዌልካም" ብሎ መለሰልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የተሻለ አቀባበል ያደረገልኝ የመንግሥት ሰው የለም።

ኮሎምበስ የገባሁት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጀመሪያ፣ ኮሮና አገሩን ሊዘጋው ሲል ነው። የአጎቴ ጓደኛ ጋሽ ተስፋዬ ሬይኖልድስበርግ ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ዌርሃውስም አስገቡኝ። እናንተ እዚያ ሆናችሁ "ተለወጠ" የምትሉት ኑሮ እንግዲህ ካርቶን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ዳቦው ስኳር ስኳር ይላል፣ ብርዱ እንደ አባቴ አገር እንደ ጨንቻ ጉም ቆዳን ነክቶ አይመለስም፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ሰዉ መጥፎ አይደለም፤ ግን ቢቸግርህ በየትኛው በር እንደምታንኳኳ አታውቅም። መወርወሪያዋን ከካልሲ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኳትና ረሳኋት።

በሁለተኛው ዓመት የራሴን አፓርትመንት ተከራየሁ። ከሌሊት ሥራ ተመልሼ ጠዋት ልተኛ ስል በግድግዳው በኩል ድምፅ ይመጣል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ዝም። እንደገና ጠብ፣ ጠብ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎረቤት ሚስማር ይመታል ይል ነበር። እኔ በዚያ ድምፅ ነው ያደግሁት፤ ማግ ሲጠቀጠቅ ነው። እዚህ የአገሬ ሰው ማን አለ ብዬ፣ በካልሲ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

የከፈተችልኝ አጭር፣ ፊቷ ሰፋ ያለ ሴት ናት። ወለሉ ላይ ድር ተዘርግቷል፤ አንደኛው ጫፍ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ካለው የልብስ መስቀያ ብረት ጋር ታስሯል፣ ሌላው ጫፍ እሷ ወገብ ላይ በጠፍር ተይዟል። አልጋው ላይ ባሏ ቴምጄን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ተጋድሟል። ሴት ስትሸምን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፣ አለቀ።

"እኔም ሸማኔ ነኝ" አልኳት ባለችኝ እንግሊዝኛ።

"አንተ? ወንዱ?" አለችና እስክትታጠፍ ሳቀች። ባሏም ሳቀ፣ ከዚያ ሳሉ አላስቆም አለው።

አሰንላ ትባላለች። ናጋዎች ናቸው፤ አገራቸው ሕንድ ከበርማ የሚዋሰንበት ተራራ ነው። የሚበሉት የቀርከሃ ቡቃያ ተብላልቶ ሲከፈት ኮሪደሩን እንደ ቆጮ ያውደዋል፤ ጎረቤቶች ስለ ሽታ ባመለከቱ ቁጥር የኪራይ ቢሮው ሰው እየመጣ የሚያንኳኳው እነሱ በር ላይ ነው፤ እኔን ግን ሽታው ያስርበኝ ነበር። በእነሱ ዘንድ ጋቢ ዝም ብሎ አይለበስም። መስመሩን ያየ ሰው የየትኛው ሕዝብ፣ የየትኛው ቤት፣ ምን የሠራ ወንድ እንደሆነ ያውቃል። መሃሉ ነጭ ሆኖ ሥዕል ያለበት ጋቢ ድሮ የሚገባው የጠላት ራስ ይዞ ለተመለሰ፣ ወይም ሚቱን የሚባለውን ትልቅ ከብታቸውን አርዶ መንደሩን ላበላ ሰው ብቻ ነበር። የቴምጄን አያት አብልተዋል። ስለ ጠላት ራስ ማምጣቱ ስጠይቀው "ባፕቲስት ከሆንን ወዲህ ትተነዋል" አለኝ፤ ኮስተር ብሎ ነው ያለኝ።

ያ የአያቱ ጋቢ አገር ቤት ወንድሙ ቤት ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል። የቴምጄንን ሳንባ ደግሞ ኮሮና ጨርሶታል፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን ብለው መልሰውታል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቃት፣ በዚያ ጋቢ ተሸፍኖ መቀበር። ለዚህ ነው የምትሸምነው፤ ከእሱ ጋር እየተሽቀዳደመች።

የልብስ መስቀያው ብረት ሲነቀል ድሩን ኮሪደሩ ላይ ካለው የደረጃ መደገፊያ አሰረችው። የኪራይ ቢሮው ሥራ አስኪያጅ ወዲያው መጣ፤ ተንጠልጣይ የገመድ አልጋ መስሎታል።

"ሃሞክ ኮሪደር ላይ ክልክል ነው።"

"ሃሞክ አይደለም" አልኩት እኔ፤ እሷ አፏ ውስጥ ክር ይዛለች።

"ሰው ታስሮበት ተቀምጧል እኮ።"

"ሥራ ላይ ናት።"

"በአፓርትመንቱ ቢዝነስ መሥራትም ክልክል ነው።"

"አይሸጥም። ባሏ ሲሞት የሚለብሰው ነው።"

ሰውዬው አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። "የሆሊደይ ዴኮሬሽን ግን ይፈቀዳል" አለ ቀስ ብሎ።

"የየትኛው በዓል?"

"እሱን አልጠይቅም። ጥር ሲገባ ግን መነሳት አለበት።"

አሰንላ በማግስቱ መደገፊያው ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ጠመጠመች። አላፊ አግዳሚው "ሃፒ ሆሊደይስ" እያለን ያልፍ ጀመር።

ጋቢው ከሦስት ቁራጭ የሚሰፋ ነው፤ ሁለቱ የዳር ቁራጮች አለቁ። ሦስተኛው፣ መሃለኛው ነጩ ሲቀር እጇ እምቢ አለ። ኢስተን የሚባለው ሰፈር ሆቴል ስታጸዳ የተጎዳ የእጅ አንጓ ነው፤ አብጦ ጣቷ አልታጠፍ አላት። ያን ቀን እኔ በደንብ ተቆጣሁ። አንድ የሽሮ ሜዳ ልጅ ፊቷ ቆሞ እያለ ለምን ትሰቃያለች? "ተነሺ፣ ልጨርስልሽ" አልኳት። ጠፍሩን ልነካ ስል እጄን መታችው።

"ወንድ ከነካው አይሆንም" አለች።

አስረዳችኝ። የድሮ ሰዎች ሲናገሩ፣ ወንድ የሽመና ዕቃ ከነካ ጦሩ ዒላማ ይስታል። የሞተ ወንድ ደግሞ ወደ ወዲያኛው አገር ሲሄድ መንገድ ላይ አንድ ዛፍ ይገጥመዋል፤ ጦር ወርውሮ መምታት አለበት፤ ከሳተ ያፍራል።

"አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። አላምንበትም። ግን ዛፉ ቢኖርስ?"

የሽመና ዕቃውን እስካልነካሁ ክሩ ችግር የለውም አለችኝ፤ ስለዚህ የእህቶቼን ሥራ ያዝኩ። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ክር ወፍራም ስለሆነ፣ እየፈታሁ እንደገና አከርራለሁ፤ ውሃ አሙቄ እጇን እዘፈዝፍላታለሁ፤ እሷ ጥቂት ትሸምናለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትሸምናለች። የዶርዜ ወንድ ቁጭ ብሎ ክር ሲያከርር አባቴ ቢያይ ምን እንደሚል እያሰብኩ፣ ደክሞኝ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ግን ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ የሚያስፈልግ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ነጩ ሲያልቅ ሥዕሉ ቀረ። ሥዕሉ የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት አትነካውም። የቴምጄን እጅ ግን ብሩሽ መያዝ አቅቶታል። ብሩሹን ለእኔ ሰጠኝና ከአልጋው ሆኖ ያዝዘኝ ጀመር፤ ዝሆን፣ ነብር፣ አውራ ዶሮ፣ ጦር። ሚቱን ላይ ሲደርስ እኔ አይቼው አላውቅም። "ትልቅ በሬ ነው፣ ቀንዱ ወፍራም" አለኝ። በሬማ አውቃለሁ ብዬ በጥቁር ቀለም አሳምሬ ሣልኩት።

ቴምጄን አንገቱን ቀና አድርጎ አየ። "ጀርባው ላይ ጉብ ያለው ምንድን ነው?"

"ሻኛ ነዋ።"

"ሚቱን ሻኛ የለውም።"

"ታዲያ በሬነቱ በምን ይታወቃል?"

ቀለሙ አይለቅም። የአሰንላ እጅ ሌላ ነጭ ሊሠራ አይችልም። ጉድ ሠራሁ ብዬ ያችን ሴት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷ ሻኛውን በጣቷ ነካካችው። "ሽማግሌዎቹ ወዲያኛው አገር ሲያዩት ምን ይላሉ?" አለች በመጨረሻ።

"አፍሪካ ውስጥ ዘመድ አበጅቷል ይላሉ" አለ ቴምጄን፣ የኦክስጅን ማሽኑ ጢጥ ጢጥ እስኪል ድረስ እየሳቀ።

ያረፈው መብራቱን ከመደገፊያው ባወረድንበት ሳምንት ነው። የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሰው ጋቢውን ሲያይ በጣም አደነቀው። "ይህ አርት ነው፤ ለምን ፍሬም አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ አትሰቅሉትም?" አላት።

"እሱስ ምን ለብሶ ይሂድ?"

"ሱፍ አለን፣ ቆንጆ ሱፎች።"

"ሱፍ ለብሶ ማን ያውቀዋል?" አለችው። ቴምጄን በረዶ በሸፈነው መቃብር ቦታ በዝሆኑ፣ በነብሩና በሻኛው በሬዬ ተሸፍኖ ሄደ።

እሑድ ለአባቴ ደወልኩ። የጋቢውን ፎቶ እህቴ በስልኳ አሳይታው ነበር። ዓይኑ ደክሟል፤ ስክሪኑን ፊቱ ላይ ለጥፎ ብዙ እንዳየው ነገረችኝ።

"ጠርዙ ንጹሕ ነው። ማን ሸመነው?" አለኝ።

"ሴት ናት፣ አባባ።"

"እጇ ጥሩ ነው" አለኝ። "አንተስ ምን ሠራህ?"

"ክር አከረርኩ። በሬውን ሣልኩ።"

ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ጥሩ አድርገሃል" አለኝ። "ሰው ወጉን ሳያጣ መሄድ አለበት።" ከዚያ፣ የክር ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ሳይለውጥ፣ "የእኔንስ ማን ይሸምነዋል?" አለኝ።

መሳቢያው አጠገቤ ነው፤ መወርወሪያዋ ከካልሲዎቹ ሥር አለች።

"ድምፅህ ተቆራረጠብኝ፣ አባባ" አልኩት። መስመሩ ደህና ነበር።

"እሺ፣ ሲስተካከል ትነግረኛለህ" አለኝ። ስልኩን ግን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም።